ሦስት ቅጽ ለአንዲት ቆሽት

እማማ ስልክ በጠና መታመማቸውን ከሰው ሁሉ መጨረሻ የሚሰሙት እሳቸው ራሳቸው እንዲሆኑ ሦስቱ ልጆቻቸው ተማምለዋል። መሐላው የተፈጸመው ከመኝታ ቤታቸው በር ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በሹክሹክታ ነበር። ጉድ እንግዲህ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሴትዮዋ ይህን ቅጽል ስም እንዲሁ አላገኙትም። ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ቤት ኦፕሬተርነት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። መስመሩ እየተንጫጫ፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ትንፋሹን ሲስብ ብቻ ሰምተው «ይሄ አሁን ሊያለቅስ ነው» የሚሉ ነበሩ። የከተማውን ሰው ጠብ፣ ብድር፣ ውሽማ ሁሉ ሰምተው ሆድ ይፍጀው ብለው ኖረዋል። እኚህን ሴት ነው እንግዲህ ልጆቻቸው ከበር ጀርባ በሹክሹክታ ሊያታልሉ የተነሡት።

«ቆሽት ነው» አለ ትልቁ ልጅ በዚያን ቀን። «ካንሰር ነው። ሐኪሙ ከዓመት አያልፍም ብሎኛል። ለእማዬ ግን ጨጓራ ነው የምንላት። ተስማማን?»

ተስማሙ። ይህ ትልቁ ልጅ በመሥሪያ ቤቱ የግዥ ክፍል ኃላፊ ሲሆን በቤተሰቡ ውስጥ ሰብሳቢው ይባላል፤ የተቃጠለ አምፖል ለመቀየር እንኳ አጀንዳ ካልያዘ አይሆንለትም። ከእሱ ቀጥላ ያለችው ሴት ልጅ ፋርማሲስት ናት። እሷ ደግሞ ከውሳኔው በኋላ የእናቷን መድኃኒት ጠርሙሶች ሙቅ ውሃ ውስጥ እየዘፈዘፈች ወረቀታቸውን ትልጥና «ለጨጓራ» የሚል በእጇ የጻፈችውን ትለጥፍበት ጀመር። ሦስተኛው፣ መኪና መንዳት አስተማሪው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱን ጨርሶም ስሙ ትንሹ ነው። የእሱ ድርሻ ምንም ሳይናገር መቀመጥ ነበር፤ እሱንም በደንብ አልቻለበትም፤ እናቱ ባሳሉ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀራል።

እማማ ስልክ ሁሉን እያወቁ ለምን ዝም አሉ? አንደኛ፣ አውቃለሁ ቢሉ ሦስት ጎልማሳ እያባበሉ መዋል ሊኖርባቸው ነው፤ ለዚያ ደግሞ አቅም የላቸውም። ሁለተኛው ምክንያት የባሰ ነው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ሦስቱ ልጆች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሳይጣሉ ተነሥተው አያውቁም ነበር። አሁን ግን የጋራ ውሸት ስላገኙ በየእሑዱ ይመጣሉ፣ ይጠቃቀሳሉ፣ ይሳሳቃሉ። እናታቸው ይህን አይተው «ለካ ልጆቼን ሊያስማማ የሚችል ነገር ነበር፤ እኔ ቀድሜ አለመታመሜ!» ብለው በልባቸው ስቀዋል።

አምስት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ መርከቡ መጣ።

«ከመሥሪያ ቤቴ በዕጣ የደረሰኝ ነው» አለ ሰብሳቢው፣ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ። «የሰባት ቀን የመርከብ ሽርሽር። እኔ ሥራ ስላለብኝ አንቺ ሂጂበት።» ዕጣ የሚባል ነገር እንደሌለና ሦስቱ አዋጥተው እንደገዙት እናትየው ካለፈው እሑድ ሹክሹክታ ያውቃሉ። «ሳትሞት አንድ ነገር ትይ» የሚለውንም ቃል በቃል ሰምተውታል። በዕጣው ግን የተደሰቱ መስለው መጽሔቱን ገለጡ።

ገለጡና እውነትም ተደሰቱ። ከሚዋኙትና ከሚጨፍሩት ሰዎች ሥዕል መካከል አንዲት ሽማግሌ ሴት መርከቡ ላይ፣ የጨርቅ ወንበር ተደግፋ፣ አፏን ከፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። በጠራራ ፀሐይ። ማንም አጠገቧ ቆሞ ትንፋሿን አይቆጥርም፣ ማንም ቆማ ትሄዳለች አትሄድም ብሎ አጮልቆ አያያትም። እማማ ስልክ ያቺን ሴት ደጋግመው አዩአት። የሌላውን ሰው ድምፅ ከአገር አገር ሲያገናኙ ዕድሜያቸውን ጨርሰው እሳቸው ራሳቸው የትም ሄደው አያውቁም። አሁን እንዲያ ሆነው መተኛት ፈለጉ። ከልባቸው ፈለጉ። ከታመሙ ወዲህ ምንም ነገር እንዲህ ፈልገው አያውቁም።

ችግሩ የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። መርከቡ ያለ ኢንሹራንስ ወረቀት ማንንም አያሳፍርም፤ ኢንሹራንሱ ደግሞ «ያለብዎት በሽታ» የሚል ገጽ አለው፤ በገጹ ግርጌ ተጓዡ ይፈርማል። ኮሪደሩ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ለእኔ ተዉት» አለ ሰብሳቢው።

በዚህ ቤት ውስጥ «ለእኔ ተዉት» ማለት አይሠራም ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ፋርማሲስቷ ለማንም ሳትናገር በማግስቱ ራሷ ሄደች። ትንሹም ለማንም ሳይናገር ሄደ። ሰብሳቢው ደግሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዉልኝ ያለውን ሊሠራ ተነሣና እሱም ሄደ። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው የሚቀበል ኩባንያ በከተማው አንድ ብቻ ነውና ሦስቱም አንዱ ጋ ሄዱ። ሰብሳቢው የቤተሰቡን ውሳኔ አክብሮ «መጠነኛ ጨጓራ» ብሎ ሞላ። ፋርማሲስቷ ወረቀቱ በአጋጣሚ እናቷ እጅ ቢገባስ ብላ «ምንም» ብላ ጻፈች። ትንሹ መዋሸት ስለማይሆንለት የሐኪም ቤቱን ወረቀት ሁሉ አያይዞ እውነቱን አንድ በአንድ ዘረገፈው። ሦስቱም የእናታቸውን ፊርማ አስመስለው ፈረሙ፤ የፋርማሲስቷ ይበልጣል፣ ተማሪ ሳለች ካርዷ ላይ በደንብ ተለማምዳዋለች። ከዚያ «የተጓዥ ስልክ» በሚለው ቦታ ላይ፣ ሦስቱም ሳያስቡት፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የሚያውቁትን የቤቱን ስልክ ጻፉ። በዚያ ቤት ስልክ ሲጮህ ደግሞ ሁለተኛው ጥሪ ሳይደርስ የሚያነሣው ማን እንደሆነ እግዜር ያሳያችሁ።

«ሃሎ» አሉ እማማ ስልክ፣ ረቡዕ ጠዋት።

«እናቴ፣ ከኢንሹራንስ ነው» አለ የሠራተኛው ድምፅ። ትንፋሹን ሲስብ ሰሙት፤ መጥፎ ነገር ሊናገር ነው። «በስምዎ ሦስት ማመልከቻ ገብቷል። መርከቡ አንድ ነው፣ ቀኑ አንድ ነው፣ የልደት ዘመኑም አንድ ነው። ሰዎቹ ግን ሦስት ናቸው።»

«ማን ማን ናቸው?»

«አንዷ ፍጹም ጤነኛ ናት። አንዷ ትንሽ ጨጓራ አለባት።»

«ሦስተኛዋስ?»

«እሷን... ቢሮ ቢመጡ ይሻላል፣ እናቴ።»

በዚያው ቀን ሄዱ። ቢሮው ውስጥ ቁጥር ቆርጠው ተቀመጡ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ፖስተር ባሕር ዳር የሚሮጥ ቤተሰብ ያሳያል፤ የአያትየው እንኳ ጥርስ አንድ አልጎደለም። «እነዚህማ ኢንሹራንስ ምን ያደርግላቸዋል» ብለው ሲታዘቡ ቁጥራቸው ተጠራ።

ሠራተኛው ጣቱን በረጠበ ስፖንጅ እየነካካ ሁለት ቅጽ አወጣ። ሦስተኛውን በክርኑ ተጭኖታል።

«ያቺን ልቀቃት እንጂ፣ ክርንህ አፈናት» አሉት።

«እናቴ፣ ይሄኛው ስህተት ሳይሆን አይቀርም።»

ሠራተኛውም ሹክሹክታው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እማማ ስልክ እጃቸውን ዘረጉ፤ በጡረታም ቢሆን እምቢ የማይባል እጅ ነው፤ ሰጣቸው። የትንሹን ጽሑፍ ከሩቅ ያውቁታል፤ እንደ ትራፊክ ምልክት ትልልቅ አድርጎ ነው የሚጽፈው። የበሽታው ስም አለ፣ ደረጃው አለ፣ መድኃኒቱ አለ። ከሁሉ በታች፣ ለማኅተም በተተወው ቦታ ላይ፣ «እናቴ አታውቅም። እባካችሁ እንዳትነግሯት» ይላል። ያን ጅል ልጅ እዚያው ቢያገኙት አንገቱን አቅፈው ያለቅሱ ነበር።

«እኔ ይቺኛዋ ነኝ» አሉ ሲረጋጉ። «ሁለቱን ቅደዳቸው።»

ሠራተኛው ማስተዛዘኛ ፈለገና ምክር አገኘ። «ጥሩ አደረጉ፣ እናቴ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።»

«ልጄ፣ እኔ በሽታዬን አልደበቅሁም። በሽታዬ ነው ከእኔ የተደበቀው።»

ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን አገላበጠ። «ቆሽት ነው እንግዲህ።»

«ሦስት ልጅ ነው ያሳደግሁት። ቆሽቴ ሳያርር የዋለበት ቀን የለም። ምን ይገርማል?»

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አፍሮ ሳል አስመሰለው። ከዚያ ውሉን እያነበበ ያስረዳቸው ጀመር። ሻንጣቸው ቢጠፋ ኩባንያው ይከፍላል። መርከቡ ቢያመልጣቸው ይከፍላል። ደረጃ ላይ ቢወድቁ፣ ጥርሳቸው ቢነቃነቅ፣ መርከቡን የባሕር ላይ ወንበዴ ቢይዘው ይከፍላል።

«ወንበዴ?»

«አዎ፣ ይሸፈናል።»

«ቆሽቴስ?»

«እሱ አይሸፈንም።»

«ከማይገድለኝ ነገር ሁሉ ልትጠብቁኝ ነው በለኛ።»

«እንደዚያ ነው» አለ ሠራተኛው። ከአምስት ወር ወዲህ በግልጽ መልስ የሰጣቸው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ስለዚህ ወደዱት። «አንድ ነገር ደግሞ... እዚያ እያሉ በዚሁ በሽታ የሆነ ነገር ቢሆኑ፣ አስከሬን የመመለሱም ወጪ አይሸፈንም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው። በራሳቸው እጅ የተሞላ አዲስ ቅጽ፤ መጓዝ ይችላሉ የሚል የሐኪም ወረቀት፤ ሦስተኛ ደግሞ አንድ የቤተሰብ አባል የበሽታውን ስም በእጁ ጽፎ፣ ይህ በሽታ እንደማይሸፈን አውቃለሁ ብሎ የሚፈርምበት ገጽ። «ቤተሰብ ኋላ እየመጣ አልሰማንም፣ አላወቅንም ይለናል» አለ ሠራተኛው። አርብ ስድስት ሰዓት ካላለፈ ይደርሳል። ካለፈ ስማቸው ከመርከቡ ዝርዝር ይወጣል።

ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። እሱም ያው ከመሐለኞቹ አንዱ ነው፤ ፊቱን አብርቶ «ጨጓራዎ እንዴት ሰነበተ?» አላቸው።

«ጨጓራዬ ደህና ነው። ቆሽቴን ጠይቀኝ።»

ሐኪሙ ሰብሳቢው ተከትሏቸው እንደሆነ በሩን አየ። «ልጆችዎ እንዲህ እንዳይነገርዎ...»

«እኔ ነኝ የታመምሁት ወይስ ልጆቼ?»

አምስት ወር የሸሸገውን ሐኪሙ በሩብ ሰዓት ነገራቸው። ብዙውን ያውቁታል፤ አንዱን ግን አያውቁትም ነበር። «ይሄን ጉዞ መሄድ ይችላሉ፣ እፈርማለሁ» አላቸው። «የሚቀጥለውን ወር ቢሉኝ ግን አልፈርምም።» እማማ ስልክ ወረቀታቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቁጭ አሉ፤ ማንም ስላልነበረ ትንሽ አለቀሱ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለሦስቱም ደወሉ። «ስብሰባ አለ። ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ።»

መጡ። ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ የድሮ ቅጾች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል፤ ሠራተኛው ሊቀድዳቸው ሲል ተቀብለውት ነው የመጡት። ልጆቹ በመጀመሪያ ያዩት የእናታቸውን ፊት አይደለም፤ አንዱ የአንዱን ቅጽ ነው።

«አንቺ ምንም ብለሽ ጻፍሽ?» አለ ሰብሳቢው እህቱን።

«አንተስ ለእኔ ተዉት ብለህ የለ? መቼ ነው ለአንተ የተተወ ነገር የተሠራው?»

«ተሠርቷል፤ ይኸው!»

«በጨጓራ!»

ትንሹ ጫማውን እያየ ነው። እማማ ስልክ ልጆቻቸው እንደ ድሮአቸው ሲጣሉ ትንሽ ከሰሙ በኋላ አራተኛውን ቅጽ መሐል ላይ አኖሩት። የበሽታው ስም በራሳቸው ጽሑፍ፣ ኦፕሬተር ሳሉ መዝገብ በሚሞሉበት ጥንቁቅ እጅ፣ ተጽፎበታል።

ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው አነበቡት።

«ይሄ የኮምፒውተር ስህተት ነው» አለ ሰብሳቢው።

«እማዬ» አለች ፋርማሲስቷ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጨጓራ አንዳንዴ በሕክምና ቋንቋ እንደዚህ ተብሎ ይጻፋል።»

«አንቺ የምትለጥፊው ወረቀት ሙጫው ይሸታል» አሉ እናቷ። «ስሙኝ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይሄን ካላስገባሁ መርከቡ ጥሎኝ ይሄዳል። ሌላ መርከብ ደግሞ የለኝም። የጎደለኝ አንድ ፊርማ ነው።»

ትንሹ እጁን ወደ እስክሪብቶው ሰደደ። እናቱ እጁን ያዙት። «አንተ ጽፈሃል፣ የእኔ ልጅ። እሱ ነው የሚፈርመው። እሱ ካልፈረመ እኔ መርከብ ላይ ሆኜም እናንተ እዚህ በጨጓራዬ ጉዳይ ስትሰበሰቡ ልትኖሩ ነው።»

ሰብሳቢው ቅጹን አነሣ። ሃያ ዓመት በግዥ ክፍል የሠራ ሰው የሚያውቀው መሸሻ አንድ ነው፤ የውሉን እንከን መፈለግ። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ ገጽ ገለጠ፣ አገኘ። «እንዴት ነው በዚህ ላይ የሚፈረመው? እስቲ ተመልከቱ! ሻንጣ ይሸፍናል፣ ወንበዴ ይሸፍናል፣ ዋናውን ነገር አይሸፍንም! እዚያ ባሕር ላይ ሆና ሬሳዋን ማን ሊያመጣው ነው? እኛ እዚህ ተቀምጠን...»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሰብሳቢው ሁለቱም ደርሶበታል።

«የማንን ሬሳ?» አሉ እማማ ስልክ። «በጨጓራ ሰው ይሞታል እንዴ?»

ፋርማሲስቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አለች ከእጇ ውስጥ።

«ከመጀመሪያው ቀን። ኮሪደሩ ላይ ወንድምሽ ከዓመት አያልፍም ሲላችሁ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለ ትንሹ።

«ተስማምታችሁ ነበራ። ስትዋሹኝ ሳያችሁ ደስ አለኝ፤ አንድ ቤት ያደጋችሁ መሰላችሁ።» ሦስቱን የድሮ ቅጾች ደርበው ወደ ጎን ገፉ። «አሁን ግን ደከመኝ። ሬሳው ካሳሰባችሁ እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው፤ ተሰብሰቡበት፣ አጀንዳ ያዙለት። እኔ ከሬሳነቴ በፊት ሰባት ቀን አለኝ። እነሱን ነው ፈርሙልኝ የምላችሁ።»

ሰብሳቢው ተቀመጠ። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አነሣ፤ የቤተሰብ አባል በሚፈርምበት ገጽ የበሽታው ስም ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። የታናናሾቹን አፍ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ቃሉን አንድ ጊዜ እንኳ ከአፉ አውጥቶት አያውቅም፤ እንኳን በእጁ ሊጽፈው። ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አየችው። ትንሹም አየው። ፊደል እንደሚማር ልጅ፣ አንድ በአንድ፣ እየተጫነ ጻፈው። ፈረመ። ወረቀቱን ወደ እናቱ ገፋ አደረገውና ቀና ሳይል፣ ጠረጴዛውን እያየ፣

«ያምሻል?» አላቸው።

እማማ ስልክ ለዚያ ቀን ብዙ መልስ አዘጋጅተው ነበር። ለግትሩም፣ ለአልቃሻውም፣ ለሚቆጣውም ስለታም ስለታም መልስ ነበራቸው። ለዚህ ግን አልተዘጋጁም። ጨጓራ ብሎ የወሰነ ሰው ያምሻል ወይ ብሎ መጠየቅ አይችልም፤ ከጠየቀ መልስ ይሰማል። ስለዚህ አምስት ወር ሙሉ ከመካከላቸው አንድ ሰው ይህን ጠይቋቸው አያውቅም።

«አዎ» አሉ። «ጀርባዬን። በጣም ያመኛል። እናንተ እስክትሄዱ ጠብቄ ነው የማቃስተው።»

ሴት ልጃቸው ተነሥታ ከሶፋው ላይ ትራስ አመጣች፤ ከጀርባቸው ስታደርግላቸው እማማ ስልክ ልጆቻቸው ሁሉ እያዩ፣ እየሰሙ፣ አቃሰቱ።